ቀላል ማደንዘዣ

ሆስፒታሉ ውስጥ ሰው ሁሉ «ሬት» ይላታል። ፊት ለፊት የሚደፍር ግን የለም፤ ፊት ለፊት «ዶክተር» ናት። ስሙን ያወጡላት ነርሶች ናቸው። እሷም ታውቃለች፤ እንዲያውም ሳትወደው አልቀረችም። «እንኳን ሬት አሉኝ» ብላለች አንድ ቀን ለእህቷ፤ «ሬት ቢያንስ ለቁስል ይሆናል። ከነሱ መሀል ለምንም የሚሆን አለ?»

ሥራዋ ሕፃናትን ማደንዘዝ ነው። ለቀዶ ሕክምናም ሆነ ለምርመራ ልጅ መተኛት ካለበት የምታስተኛው እሷ ናት። ፊቷን አይቶ ሥራዋን የሰማ ሰው ሳቁን መቆጣጠር ያቅተዋል፤ እሷ ባለችበት ክፍል እንኳን ሕፃን፣ ሲሸከም የዋለ የቀን ሠራተኛም እንቅልፍ አይወስደውም። እጇ ግን እጅ ነው። ሌላው ደጋግሞ ወግቶ ያጣውን የሕፃን ደም ሥር እሷ በመጀመሪያው ታገኘዋለች። «ይኼን እጅ ለሌላ ፊት በሰጠው» ይላሉ ነርሶቹ፣ እሷ ካለፈች በኋላ።

ንቀቷ ለሁሉም ይዳረሳል፤ በዚህ በኩል አድልዎ አታውቅም። ቀዶ ሐኪሞቹን «ቢላ ያዦች» ትላቸዋለች። አስተዳዳሪውን ስብሰባ ስለሚወድ፣ የበሩን ጥበቃ ሰላምታ ስለሚያበዛ ትንቃቸዋለች። አሳንሰሩን ሳይቀር ትንቀዋለች፤ ተጠግኖ መሥራት ከጀመረ ወዲህ እንኳ እሷ በደረጃ ነው የምትወጣው፣ አልታረቀችውም። ከሥሯ የምትሠራውን ወጣት ማደንዘዣ ሐኪም ደግሞ «ከረሜላ» የሚል ስም አውጥታላታለች። ልጅቷ ኪሷ ውስጥ አሻንጉሊት ይዛ ትዞራለች፤ ልጆቹ የማደንዘዣውን ጭምብል ከማድረጋቸው በፊት ስማቸውን እየጠራች ታንጎራጉርላቸዋለች። ሬት ይኼን ስታይ ጥርሷን ትነክሳለች። «እኔ መድኃኒት እሰጣለሁ፣ አንቺ ሠርግ ትደግሻለሽ» አለቻት አንዴ ሰው ፊት። ከረሜላ ቀላች፣ ግን ማንጎራጎሯን አልተወችም።

ከሁሉም ከሁሉም ግን አንጀቷን የሚያሳርራት የምስል ክፍሉ ኃላፊ ነው። ሰውየው የተማረ የራጅ ሐኪም ቢሆንም እሷ «ፎቶ አንሺው» ነው የምትለው። የቢሮው ግድግዳ በምስክር ወረቀት ከመሸፈኑ የተነሳ ቀለሙ ምን እንደነበር የሚያስታውስ የለም። ከጨረር መከላከያው ካፖርት ሥር ክራቫት ያስራል። አዲስ መሣሪያ በመጣ ቁጥር አጠገቡ ቆሞ ፎቶ ይነሳል፤ በፎቶው ላይ ከመሣሪያው ይልቅ እሱ ይጎላል። ይኼን ሁሉ እንኳ ትችለው ነበር። የማትችለው «ቀላል» የሚለውን ቃሉን ነው።

«ቀላል» ሁለት ፊት ያለው ቃል ነው። የማይከብድ ሸክም ቀላል ይባላል፤ የማያሰጋ ነገርም ቀላል ይባላል። ፎቶ አንሺው ለወላጆች «ቀላል ማደንዘዣ ነው የምንሰጠው» ሲላቸው፣ ልጁ ሸለብ ብቻ እንዲያደርግ ጥቂት መድኃኒት ይሰጠዋል ማለቱ ነው። ወላጆች ግን የሚሰሙት «ምንም ችግር የለውም» የሚለውን ነው። እሱም እንደዚያ እንደሚሰሙት ያውቃል፤ አውቆም አያርማቸውም። ምክንያቱም ነገሩ የሚቀለው ለእሱ ነው፤ ልጁ ቶሎ ይተኛል፣ ቶሎ ይነቃል፣ ተከታዩ ይገባል። ለብዙ ልጆች በእርግጥም ይበቃል፤ ይኼን ሬትም አትክድም። ጉዱ የሚፈላው የማይበቃው ልጅ ሲመጣ ነው።

የአንዲት ልብስ ሰፊ ልጅ ከማይበቃቸው አንዷ ነበረች። ትምህርት ቤት ገና መግባቷ ነው፤ እናቷ «ሚጡ» ትላታለች። ሚጡ ስታለቅስ ግራ እጇ ይዝላል። መጀመሪያ ሰሞን እያለቀሰች ዳቦው ከእጇ ሲወድቅ፣ እናትየው በእልህ የወረወረችው መስሏት ትቆጣት ነበር። በኋላ ኩባያውም ጫማውም መውደቅ ሲጀምር ነው አንጠልጥላት ወደ ሐኪም የሮጠችው። ወደ ጭንቅላቷ ደም የሚወስዱት ሥሮች እየጠበቡ ኖሯል። ቀዶ ሐኪሞቹ ለደሙ ሌላ መንገድ ሊሠሩላት ይችላሉ፤ ለዚያ ግን ሥሮቹ የት የት እንደጠበቡ ጥርት አድርጎ የሚያሳይ ምስል ያስፈልጋቸዋል። ምስሉ የሚነሳው ከብሽሽቷ ቀጭን ቱቦ አስገብቶ እስከ አንገቷ በማድረስ ቀለም እየረጩ ነው። ቀለሙ ሲረጭ ልጅቷ ንቅንቅ ማለት የለባትም፤ ለአፍታ ትንፋሿም መቆም አለበት።

መንቀሳቀሱ ብቻ ቢሆን ምስሉ ይደበዝዛል፣ ይደገማል፣ ነገሩም በዚያ ያልቃል። ከዚያ የከፋው ልቅሶው ነው። ልጅ ሲያለቅስ አብዝቶ ይተነፍሳል፤ አብዝቶ ሲተነፍስ የተቃጠለው አየር ከደሙ ከልክ በላይ ይወጣል፤ ያን ጊዜ የጭንቅላት ደም ሥር ይኮማተራል። ለጤነኛ ልጅ ምንም ማለት አይደለም፤ አልቅሶ አልቅሶ ሲደክመው ይተወዋል። ሥሯ ቀድሞውኑ ለጠበበባት ልጅ ግን ልቅሶ ማለት የራስን ደም መዝጋት ነው። ከዕለታት አንድ ቀን የዛለው እጅ ዝሎ ይቀራል። በቀላሉ መድኃኒት ሸለብ ያለች ልጅ ቀለሙ ሲያቃጥላት ብንን ብላ ልታለቅስ ትችላለች። ስለዚህ ሬት የመረጠችው ጥልቁን ነው፤ ሙሉ እንቅልፍ፣ ትንፋሿንም አየሩ ሳይበዛ ሳያንስ የሚሰጣት መሣሪያ። ትክክል ነበረች። ብዙ ጊዜ ትክክል ናት፤ ከሰው ሁሉ ያጣላትም ይኸው ነው።

በምርመራው ቀን ጠዋት ወደ ልጆቹ ክፍል ገባች። መስኮቱ አልገጥም ብሎ በፋሻ ተወትፏል። ሚጡ አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ እናቷ ከሱቅ ያመጣችላትን አዝራሮች በየመልካቸው ትለያለች። እናትየው ሜትሯን አንገቷ ላይ እንደጠመጠመች ነው የመጣችው፤ ማውለቁን ረስታዋለች።

«ማደንዘዣ የሚሰጧት እርስዎ ነዎት?» አለች ከወንበሯ ብድግ ብላ።

«ማን መስሎሽ ነበር?»

«ዶክተር፣ እኔ ማደንዘዣውን አልፈልገውም። የጎረቤቴ ልጅ ተሰጥቶት ከወጣ ወዲህ ደንዝዞ ቀርቷል። ክፍል ደገመ። እኔ ልጄ ደንዛዛ እንድትሆንብኝ አልፈልግም።»

ሬት ይኼን ነገር የሰማችው ዛሬ አይደለም። ማደንዘዣ ያደነዝዛል፣ የደነዘዘ ልጅ ደንዛዛ ይሆናል፤ ቃሉ ራሱ ነው ሰውን የሚያስፈራው። መድኃኒቱ ሲወጣ ድንዛዜውም አብሮ እንደሚወጣ ሁለት ዓረፍተ ነገር ተናግራ መገላገል ትችል ነበር። እሷ ግን ለእንዲህ ያለው ነገር ሁለት ዓረፍተ ነገር ማባከን አይሆንላትም።

«ያ ልጅ ድሮም ደንዛዛ ነበር» አለች። «እናቱ ሰበብ አጥታ ማደንዘዣው ተገኘላት።»

የእናትየው ፊት እንደ በር ተዘጋ። ይኼኔ ፎቶ አንሺው ሽቶውን አስቀድሞ ከተፍ አለ። «አይዞሽ እህቴ» አላት፤ «ለእሷ ቀላሉን ነው የምንሰጣት። ሸለብ ታደርጋለች፣ ፎቶዋን ትነሳለች፣ ትነቃለች።»

«ቀላሉን?»

«በጣም ቀላሉን።»

«እግዜር ይስጥልኝ» አለች ልብስ ሰፊዋ፤ ትከሻዋ ሲወርድ ታየ። ሬት ክራቫቱን ይዛ ልትጎትተው ምንም አልቀራትም። በዓይኗ ጠርታ ኮሪደር ላይ አወጣችው።

«ከየት አምጥተህ ነው ቀላል የምትላት?»

«ድምፅሽን ቀንሺ። ሴትየዋ ፈርታለች፣ አረጋጋኋት።»

«ዋሽተህ ነው ያረጋጋሃት።»

«ስንቱን ልጅ በቀላሉ ሠርተናል። ማን ምን ሆነ?»

«ይቺ ስታለቅስ እጇ ይዝላል። ቱቦህ አንገቷ ውስጥ ሳለ ብትነቃስ?»

«ከነቃች ትጨምሪላታለሽ።»

«እጇንስ? እጇንም ልጨምርላት?»

ፎቶ አንሺው ክራቫቱን አስተካከለ። «እኔ ምን አገባኝ፤ እናትየዋ እሺ ያለችው ቀላሉን ነው። ጥልቁን ከፈለግሽ አሳምኚያት» አለና ፈገግ አለ። ፈገግታው ነገር ነበረው። ሬት ታዛለች፣ ትከለክላለች፣ ትዘልፋለች እንጂ ሰው አሳምና እንደማታውቅ ሕንፃው በሙሉ ያውቃል።

ከረሜላ በሩ አጠገብ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። «ዶክተር፣ እኔ ላናግራት?» አለች ቀስ ብላ።

«ምን ልታደርጊ? ልትዘፍኝላት?»

ሬት እሳት ለብሳ እሳት ጎርሳ ተመልሳ ገባች። በዚያች ሰዓት ንቀቷ ሞልቶ ፈስሶ ነበር፤ ዋሾውን ንቃለች፣ ዋሾውን ያመነችውን ከዋሾው አብልጣ ንቃለች። አልጋው ላይ አዝራር የምትለየውን ልጅ ግን አልናቀቻትም። ነገሩ ከዚህ ይብሳል፤ ጭራሽ አላየቻትም።

«አንቺ ሴትዮ፣ ስሚኝ» አለች ጣቷን ቀስራ። «ያ ሰውዬ ቀላል የሚልሽ ለራሱ እንዲቀለው ነው። መሀል ላይ ነቅታ ብታለቅስ እጇ እንደሞተ ይቀራል። ሽባ ትሆናለች! አንደበቷም ይዘጋል! እሺ ብለሽ የመረጥሽላት ይኼንን ነው።»

እናትየው ልትመልስላት አፏን ከፈተች። ድምፅ የወጣው ግን ከአልጋው ነው።

«እማዬ፣ እጄ ሊሞት ነው?»

ሁለቱም ሴቶች ዞሩ። የሚጡ ከንፈር መንቀጥቀጥ ጀምሯል። ቀጥሎ ልቅሶዋን ለቀቀችው፤ እየተንሰቀሰቀች፣ ትንፋሽ በትንፋሽ ላይ እየደራረበች። ሬት እነዚያን ትንፋሾች በደንብ ታውቃቸዋለች። እያንዳንዱ ምን ይዞ እንደሚወጣ፣ ሲወጣም ሥሩን እንዴት እንደሚያኮማትረው ከእሷ በላይ የሚያውቅ እዚያ ክፍል ውስጥ አልነበረም። አዝራሮቹ ከግራ እጅ ተንሸራተው ወለሉ ላይ ተበተኑ። እጁ እንደ ባዶ እጅጌ ተንጠለጠለ፤ የልጅቷ አፍ በአንድ በኩል ዘቀዘቀ፤ «እማዬ» ልትል ፈልጋ «እማ» ላይ ቀረባት።

ሬት ወደ አልጋው አንድ እርምጃ ስትሄድ ልጅቷ ጮኸች። ሌላ ስትጨምር ጩኸቱም ባሰ። በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ስትቀርበው በሽተኛው የሚብስበት መድኃኒት ሆና ቆመች። ዞራ ከአልጋው መጋረጃ ጀርባ ገባች፤ እዚያ ሆና ጩኸቱን ሰምተው የገቡትን ነርሶች በሹክሹክታ ማዘዝ ጀመረች፤ አስተኟት፣ ፈሳሹን ክፈቱላት፣ ሰው ቀንሱ። ከረሜላ በአጠገቧ ሾልካ አልፋ ጫማዋን አወለቀችና አልጋው ላይ ወጣች። ልጅቷን ከእናቷ ጋር አቅፋ ማንጎራጎር ጀመረች፤ ቀስ እያለች፣ እየዘገየች፤ የልጅቷ ትንፋሽም ከዜማው ጋር እየዘገየ መጣ።

እጁ ግን ቶሎ አልተመለሰም። አንደበቷ ከቀትር በፊት ተፈታ፤ ጣቶቿ መነቃነቅ የጀመሩት ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ነው፤ ያኔም ቢሆን ከረሜላ ያቀበለቻትን አዝራር መያዝ አቅቷት ደጋግሞ ወደቀ። ምርመራው ለሌላ ቀን ተላለፈ። ቀጣዩ ልቅሶ ከመጣ ይኼ የደከመ እጅ ዳግመኛ ላይነሳ እንደሚችል ሬት ለቀዶ ሐኪሞቹ በገዛ አፏ ነገረቻቸው። ፎቶ አንሺው ደረጃው ላይ አገኛት። «እኔማ ቀላሉን ነበር ያልኩት» አላት። ሬት በአጠገቡ አልፋ ደረጃውን ወረደች።

ቤት ስትደርስ እህቷ ድንች ትልጣለች። ታላቋ ናት፤ ጡረታ የወጣች አስተማሪ፣ ባሏ ከሞተ ወዲህ አብራት የምትኖር። በዚህ ዓለም ላይ ሬት የማትንቃት ሰው እሷ ብቻ ናት፤ መናቅ ፈርታ እንደሆነ አይታወቅም። ሬት ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ ነገሩን ዘረገፈችው፤ ፎቶ አንሺውን፣ ቀላሉን፣ ደንዛዛውን የጎረቤት ልጅ። እህቷ ሰምታ ስትጨርስ ቢላዋን አስቀመጠች።

«ታዲያ ልጅቷን ማን አስለቀሳት?»

ሬት ቦርሳዋን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወረች። «እኔ።»

«እሱ ያስለቅሳታል ብለሽ ስትንጨረጨሪ፣ አንቺው ቀደምሽዋ?»

«እውነቱን ነው የነገርኳት!»

«እውነቱን ለማን ነገርሽ? ለእናቷ? ለልጅቷ? ወይስ ለዚያ ለፎቶ አንሺሽ?» እህቷ ቢላዋን አንስታ መላጥ ቀጠለች። «እስኪ ነይ ተቀመጪ። ሽንኩርቱ ያንቺ ነው።»

ሬት ተቀመጠች፣ ሽንኩርቱንም ላጠች። ዓይኗ ሲያነባ እህቷ ሌላ ሽንኩርት አቀበለቻት።

ልጅቷ ትንሽ ካገገመች በኋላ ሬት ልብስ ሰፊዋን አስጠራቻት፤ ሚጡ ከማታይበት፣ ከኮሪደሩ ጫፍ ካለው አግዳሚ ላይ። እናትየዋ ሌላ ዘለፋ ጠብቃ አንገቷን ሰብራ መጣች።

«ይቀመጡ» አለቻት ሬት።

ሴትየዋ ዞር ብላ ከኋላዋ ማን እንዳለ አየች። ማንም አልነበረም። «እኔን ነው?»

«እርስዎን ነው። ይቀመጡ።» ሬት በዚህ አጠራር ለበሽተኛ እናት መናገር አልለመደባትም፤ አፏ ውስጥ እንደ አዲስ ጥርስ ቆረቆራት። ቢሆንም ቀጠለች። ልጅቷ ለምን ማልቀስ እንደሌለባት፣ ቀላሉ ለምን እንደማይሆናት፣ በጥልቁ እንቅልፍ ውስጥ የትንፋሽ ቱቦው የት እንደሚገባና ማን እንደሚተነፍስላት፣ ሊመጣ የሚችለውንም አደጋ ሳትደብቅ አስረዳቻት። እናትየዋ ሜትሯን ጣቷ ላይ እየጠመጠመች ሰማች።

«ደንዝዛስ ብትቀርብኝ?»

«ያ ድንዛዜ መድኃኒቱ ሲወጣ አብሮት ይወጣል። ይኼንን ያን ቀን ልነግርዎት ይገባ ነበር፤ ሰደብኩዎት። አጥፍቻለሁ።»

ልብስ ሰፊዋ የጠመጠመችውን ሜትር ከጣቷ ፈታች። «እሺ፣ ጥልቁ ይሁን» አለች በመጨረሻ። «ግን አንድ ነገር ልለምንዎት፤ እንዳይቀየሙኝ። እርስዎን እንዳታይዎት። ፊትዎን ካየች ታለቅሳለች።»

ሬት ይኼንን ራሷም አስባበት ነበር። ከሰው አፍ ስትሰማው ግን ሌላ ሆነባት። «አታየኝም» አለች።

በቀጠሮው ቀን የሆስፒታሉ ምርጥ እጅ የምርመራውን ክፍል ከሚያሳየው መስተዋት ጀርባ፣ ከመሣሪያው መቆጣጠሪያ ሥር ጎንበስ ብሎ ተደበቀ። ፎቶ አንሺው በላይዋ ቆሞ በደስታ ያፏጫል። ይኼን ሰው ዛሬም ከልቧ ትንቀዋለች፤ በእሱስ ልክ ነበረች። በመስተዋቱ ወዲያ ሚጡ እናቷ ጭን ላይ ተቀምጣ የሚያረጋጋውን ሽሮፕ ጠጣች፤ ከረሜላ ስሟን በዜማ እየጠራች ጭምብሉን አስጠጋችላት። እንባ የሚባል አልወረደም። ሬት «ሠርግ» ያለችው ነገር ይኼ ነበር፤ እሷ ያን ሁሉ ዓመት በጉልበት ስትይዝ የኖረቻቸው ልጆች ትዝ አሏት፣ አፈረችም።

ልጅቷ ስትተኛ ገባች። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራዋ ነው፤ የትንፋሽ ቱቦውን አስገባች፣ አየሯን ለካች፣ የደም ግፊቷ እንዳይወርድ ዓይኗን ሳትነቅል ጠበቀች። ፎቶ አንሺው «ትንፋሽ!» ባለ ቁጥር ለአፍታ ታቆምለታለች፣ ወዲያው ትለቃለች። የደም ሥሮቹ ስክሪኑ ላይ አንድ በአንድ ጠርተው ወጡ። ቀዶ ሐኪሞቹ የሚፈልጉት ሁሉ አለ። «አቤት ፎቶ!» አለ ሰውየው፣ እሱ የሣላቸው ይመስል።

በስምምነቱ መሠረት ልጅቷ መባነን ስትጀምር ሬት መውጣት ነበረባት። ግን የትንፋሽ ቱቦውን የሚያወጣ ሌላ ሰው አላምን አለች፤ ያቺ አመሏ እንደሆነ በአንድ ሳምንት አትለቅም። ራሷ አወጣችው። የሚጡ ጉንጭ ላይ የቀረውን ፕላስተር ጎንበስ ብላ እያላቀቀች ሳለ የልጅቷ ዓይኖች ተከፈቱ፤ ቀጥታ እሷ ላይ።

ሬት ፕላስተሩን እንደያዘች ቀረች። የሚጡ ግንባር ተኮሳተረ፣ አፏ ሊያለቅስ ተጣመመ። ሬት የቀጣዩን ትንፋሽ ድምፅ በፍርሃት ጠበቀች። ልጅቷ ግን አላለቀሰችም። ከአንሶላው ሥር እጇን አወጣች፤ ግራ እጇን። መዳፏን የሬት አገጭ ላይ ለጥፋ ባላት አቅም ገፋቻት።

«ሂጂ!» አለች በሻከረ ድምፅ፣ ጥርት አድርጋ።

ማንም እንዲህ ንቆ አባርሯት አያውቅም፤ እሷም እንደዚያን ቀን ደስ ብሏት አያውቅም። የጣቶቹን ጉልበት አንድ በአንድ አገጯ ላይ እስክትለይ ድረስ እንዳጎነበሰች ቆየች። ከዚያ ዓይኗን በክንዷ ጠርጋ፣ እንደታዘዘችው ሄደች።